ሁለት ዓይን የነበረው ወታደር

ፊደል የቆጠርኩት ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ ነው። ይህን የምናገረው ጽሑፌ ባይጣፍጥ አትፍረዱብኝ ለማለት አይደለም። ፍረዱ። የምናገረው ነገሩ ራሱ ከዚያ ስለሚነሳ ነው።

ባለፈው ጥር፣ መንገዱ ለጥቂት ቀን ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ትውልድ ደብሬ ሄጄ ነበር። ከኮሶዬ የመኪና መንገድ ወርዶ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ያለች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅጥሩ በር ላይ አዲስ ሰሌዳ ተተክሎ አገኘሁ። ቆሜ አነበብኩት። በውስጥ ያለው የስቅለት ሥዕል በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሣለ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከቦታው ያልተነቃነቀ ነው ይላል። ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ አልነበረም የሳቅሁት።

የሕንፃ ኮሚቴው ጸሐፊ የአክስቴ ልጅ ነው። ሳቄን ሰምቶ መጣ።

«ምነው አያ ሞላ?»

«ይኼን ማን ጻፈው?»

«ኮሚቴው ነዋ።»

«ውሸት ነው።»

ግራ ቀኙን አየና ክንዴን ይዞ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደኝ። «አውቃለሁ» አለኝ። «ግን የዚያን ቀኑን ያየ ሰው አልቋል። የቀረኸው አንተ ነህ። ጎብኚ ይምጣበት፣ ጣራዋ ይታደስበት። በማርያም ይዤሃለሁ፣ ዝም በል።»

ዝም አልኩ። ቅዳሴውን ዝም ብዬ አስቀደስኩ፣ ጠላውን ዝም ብዬ ጠጣሁ፣ ጎንደር እስክገባ ዝም አልኩ። በማግስቱ ፒያሳ ወርጄ አንድ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ገዛሁ። ይኸው እጽፋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ጳጉሜን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የገበሬ ማኅበራችን አብዮት ጥበቃ አድርጎ ጠመንጃ ሰጥቶኛል፤ አሮጌ ነው፣ ጥይቱም አምስት ብቻ። ከጠመንጃው በፊት በአገሩ ላይ ስሜን የሚጠራ ሰው አልነበረም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ይነገራል፣ ያበቃል። ጠመንጃውን ካንጠለጠልኩ ወዲህ ግን ሽማግሌ ሳይቀር ከመቀመጫው ብድግ ይልልኛል። ከፍርሃት መሆኑ አልገባኝም ልበላችሁ? ገብቶኛል። ገብቶኝም ወድጄዋለሁ።

ስለ ሥዕሉ ላስረዳችሁ፣ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ሥዕሉ የተሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁ ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቁመቱ ከአንድ ሰው ቁመት ትንሽ ያልፋል። መካከል ላይ የተሰቀለው ጌታ አለ፣ በስተቀኙ እናቱ፣ በስተግራው ጎኑን በጦር የወጋው ወታደር።

በእኛ አገር ሥዕል ደግና ክፉ የሚለየው በዓይን ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰቃዩ፣ ከሐዲው፣ ሰይጣኑ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ፊደል የማያውቅ ሰው ሥዕል የሚያነበው በዚህ ነው። እኔም ያኔ ከዚህ ሌላ ንባብ አላውቅም ነበር።

የእኛ ደብር ወታደር ግን ከሌላው የተለየ ነበር። አባቶች እንደሚነግሩን ያ ወታደር አንድ ዓይኑ የጠፋ ነበር፤ ጌታን ሲወጋው ደሙ ዓይኑ ላይ ፈነጠቀና በራለት። ሌላ ቦታ ያሉ ሠዓሊዎች ሲወጋ ነው የሚሥሉት፤ በጎን፣ ባንድ ዓይን። የእኛን የሣለው ሰው ግን የበራለትን ሰዓት ሣለ። ጦሩን እንደያዘ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን አፍጥጦ፣ ምን ሠራሁ ብሎ ደንግጦ ያየናል። ዓይኑን የታመመ ሰው ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ ከቆላ ድባ ሳይቀር፣ ጧፍ ይዞ ይመጣ ነበር። እኔም በአራት ዓመቴ ዓይኔ መግል ይዞ አልከፈት ብሎ ነበር አሉ። እናቴ ሰባት እሑድ አዝላ ወስዳ ወታደሩ ፊት አቆመችኝ። ዳንኩ። በእሱ ይሁን በጊዜው አላውቅም። ያን ፊት ግን ከአባቴ ፊት ይበልጥ አውቀው ነበር።

እንግዲህ የጳጉሜን ሰኞ ጓድ ታደለ የሚባል ካድሬ ከከተማ መጣ። መኪናውን ከነሹፌሩ ኮሶዬ አቁሞ በበቅሎ ወረደ። ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ይዟል። ከየት መሥሪያ ቤት እንደተላከ ያኔም የጠየቀው የለም፣ ዛሬም አላውቅም። ሊቀ መንበራችን ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰበለት። አዳራሽ የምንለው የጭቃ ቤት ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት።

ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ የስቅለቱ ሥዕል የሰፊው ሕዝብ ሀብት ስለሆነ ተልጦ ሐሙስ ወደ ከተማ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ለመስከረሙ በዓል አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሦስቱ መሪዎች ሥዕል ይሣላል። ከቦርሳው የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ዘረጋው። ሦስት ፂማም ፈረንጆች ተደራርበው በጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ስማቸውን ነገረን፤ ማንም አልያዘውም።

ሁለቱንም ሥራ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ መሪጌታ ዘውዱ። ሠዓሊ ናቸው፤ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለ ደብር እጃቸውን ያውቀዋል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣታቸው ከቀለም የማይጠራ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ጓድ» አሉ፣ «ፊታቸውን ወደ እኛ መልሼ ልሣላቸው?»

«ለምን?»

«በእኛ አገር ሸጋ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚሣለው።»

«እንደ ወረቀቱ!» አለ ጓድ ታደለ። «አንድ ነገር እንዳትጨምር፣ አንድ ነገር እንዳትቀንስ። የራስህን ፊውዳላዊ ልማድ እዚህ አታስገባ።»

«እሺ» አሉ መሪጌታ። ወረቀቱን ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

እኔ ጠባቂያቸው ሆንኩ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከዓይኔ እንዳይጠፉ፣ ሥዕሉም እንዳይጎዳ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕሉን ይልጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ፈረንጆቹን ይሥላሉ። ማታ አለቃ ቤት ገብተው ያድራሉ፤ እኔ ደጁ ላይ ተኝቼ እጠብቃለሁ፣ መብራታቸው እስከ ሌሊት አይጠፋም።

ማክሰኞ ጠዋት ፋኖስ ያዝኩላቸው። ውስጡ በቀንም ጨለማ ነው። ጨርቅ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ እየነከሩ የሥዕሉን የታች ጠርዝ ያርሱታል፣ ይጠብቃሉ፣ በቀጭን ካራ ጣት የማይሞላ ያህል ያነሱታል፣ እንደገና ያርሳሉ። ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሥራ ነው።

«ባንዴ ቢስቡትስ?» አልኳቸው።

«ቀለሙ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ጨርቁ እጅህ ላይ። ሙጫ ከተለመነ ይለቃል፣ ከተገደደ ይዞህ ይወድቃል።»

ፋኖሱን ወደ ወታደሩ ፊት ከፍ አደረግኩት። ያየኛል።

«ይኼን ትወደዋለህ አይደል?» አሉኝ።

«ዓይኔን ያዳነኝ እሱ ነው መሪጌታ።»

ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ በፊት አይተውኝ የሚያውቁ አይመስለኝም። «ክርስትና ስምህ ማነው?»

«ወልደ ጊዮርጊስ። ለምን?»

«መብራት የያዘልኝን ሰው ስም ማወቅ ልማዴ ነው።» ስሙን ላንዴ ለራሳቸው ደገሙትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ረቡዕ ጠዋት ሥዕሉ ከግማሽ በላይ ለቆ ነበር። «ውኃው በረደ፤ አለቃ ቤት ሄደህ ፍል ውኃ አምጣልኝ» አሉኝ። የደብሩ አለቃ ቤት ከቅጥሩ ውጭ ነው። አለቃው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በሩ ላይ ይዘውኝ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ በሬያችን፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ ጠየቁኝ። እንዲህ አጫውተውኝ አያውቁም። ደስ አለኝ። ስመለስ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ሥዕሉ ተጠቅልሎ፣ በነጠላ ተሸፍኖ፣ በገመድ ታስሯል። መሪጌታ ላባቸውን እየጠረጉ ተቀምጠዋል።

«ባንዴ ለቀቀ?»

«ባንዴ ለቀቀ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ሄድን። ፈረንጆቹ ሊያልቁ ፂም ቀርቷቸው ነበር። አያ ቸኮል የሚባሉ ቀልደኛ ገበሬ በሬ ፈትተው ሲያልፉ ገቡና ከግድግዳው ፊት ቆሙ።

«መሪጌታ፣ እነዚህ ሰዎች ወዴት ነው የሚያዩት?»

«ወደ ፊት ነው አሉኝ።»

«ሦስቱም ባንድ ባንድ ዓይን?»

«እንደ ወረቀቱ ነው የታዘዝኩት።»

አያ ቸኮል ተጠግተው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ። «ሸጋ ነው» አሉ። «ወረቀቱ የሚያውቀውን ያውቃል።» መሪጌታ አልሳቁም፣ ግን ብሩሻቸው ቆመ። እኔ ሳቅሁ። ጠመንጃዬን ታቅፌ፣ እስኪያስለኝ ሳቅሁ። በማግስቱ የአገሩ ሰው ሁሉ እየተጠራራ እየመጣ ግድግዳውን እያየ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ይወጣ ነበር። ይህን አስታውሱ። የገባኝ ነገር ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጓድ ታደለ ከሦስቱ ፈረንጆች ፊት ጠረጴዛ አስቀምጦ ተናገረ። ካህናት ሥዕሉን ጨለማ ቤት ደብቀው ሕዝቡን እንዳታለሉ፣ ከእንግዲህ የዓለም ሕዝብ እንደሚያየው፣ እኛም በፈቃዳችን መስጠታችንን በጣት አሻራ እንደምናረጋግጥ። ከዚያ ሥዕሉ ለሕዝቡ እንዲታይ ገመዱን ፈታ።

«አንተ ጠባቂው፣ ያንን ጫፍ ያዝ» አለኝ።

ጠመንጃዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ያዝኩ። ሊቀ መንበሩ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋነው። ያን ሥዕል በቀን ብርሃን አይቼው አላውቅም። ዓይኔ በቀጥታ ወደ ወታደሩ ሄደ።

ወታደሩ አያየኝም። ፊቱ ወደ ጎን ነው። ባንድ ዓይን ጌታን ያያል።

«ምነው!» አልኩ። «ዓይኑ የት ሄደ?»

አፌ ነው የተናገረው። እኔ አላዘዝኩትም።

ጓድ ታደለ ዞረ። «የማን ዓይን?»

ያን ጊዜ አለቃው ሳሉ። የውሸት ሳል ነበር። መሪጌታ ዘውዱ መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ልብ ያለው ሰው እዚያ ላይ ያቆም ነበር። «ምንም፣ ጨርቁ ታጥፎብኝ ነው» ማለት ይቻላል። ቃሉ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

«ንገረኝ ጓድ ሞላ» አለኝ ጓድ ታደለ። በሕዝብ ፊት፣ በስሜ፣ ጓድ ብሎ። «አንተ እዚህ ያደግህ ሰው ነህ። ምን አየህ?»

«የእኛ ወታደር ሁለት ዓይን ነው ያለው» አልኩ። ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ አልዋሽም። «ይኼ አንድ ነው። ይኼ የእኛ አይደለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በሕፃንነቴ እሱ ፊት ቆሜ ነው የዳንኩት።»

ጓድ ታደለ ጨርቁን ገለበጠና ጠርዙን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ። አሮጌ እንዲመስል የተቀባው ጥላሸት ጣቱ ላይ መጣ። ፈገግ አለ። ከዚያ፣ ነገሩን ደህና አድርጎ ለመያዝ ይመስለኛል፣ ጠየቀኝ፦

«ቆይ፣ ይኼ የአንድ ዓይንና የሁለት ዓይን ነገር ምንድነው? ልዩነቱ ምንድነው?»

እኔ ደግሞ አስተማሪ ሆንኩ። «ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል» አልኩት። «ኃጥእና ሰይጣን ባንድ። ይኼን እዚህ አገር የማያውቅ የለም።»

ያልኩትን የሰማሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። አያ ቸኮል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጓድ ታደለ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ኋላው ወደ ግድግዳው ዞረ። ሦስቱ ፈረንጆች ባንድ ባንድ ዓይናቸው ወደ ፊት ያያሉ።

«ዘውዱ» አለ ሳይዞር። «እነዚህ ስንት ዓይን አላቸው?»

«አንድ አንድ።»

«ለምን?»

«ፊት ለፊት ልሣላቸው ብዬ ጠይቄዎት ነበር» አሉ መሪጌታ። «እንደ ወረቀቱ አሉኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቃተው። ማን እንደሆነ አልታወቀም። አፍኖት ሊይዘው ሲል በአፍንጫው አመለጠው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሁለት ትንፋሽ ያህል ነው የቆየ። ያን ሳቅ ነው ጓድ ታደለ ይቅር ያላለው። መሪጌታን በጥፊ ሲመታቸው ቆባቸው ጠረጴዛው ሥር ገባ።

«እውነተኛው የት ነው?»

ጓድ ታደለ አለቃውን በጋቢያቸው አንገት ይዞ አስነሳ። ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው። ባንድ እጁ እያነቀ በሌላው ሽጉጡን ፈታ።

«ሽማግሌውን ተዋቸው» አሉ መሪጌታ። «ዕቃ ቤት ውስጥ ቆዳው የተቀደደ አሮጌ ከበሮ አለ። ከበሮው ውስጥ ነው።»

እንዳሉት ተገኘ። ሲዘረጋ ወታደሩ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ አዳራሹን ሁሉ አየ። ደንግጦ፣ እንደ ሁልጊዜው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ቀጥሎ ሁላችንም ተራ በተራ አውራ ጣታችንን ቀለም እየነከርን ወረቀት ላይ አሳረፍን። ምን እንደሚል ያነበበልን የለም። ምን ላይ እንደፈረምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መሪጌታን እስከ መኪናው የማጅበው እኔ ነኝ ተባለ። ጓድ ታደለ ሥዕሉን ኮርቻው ላይ አስሮ በበቅሎ ፊት ፊት ወጣ። መሪጌታ በእግር፣ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ። እኔ ከኋላቸው በጠመንጃ። የጳጉሜን ጉም ዳገቱን ሸፍኖት ነበር። ሁለት ጊዜ በቅሎዋ ከዓይናችን ተሰወረች፤ ኮቴዋ ብቻ ይሰማል። በስተግራ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርድ የፍየል መንገድ አለ። እሳቸውም እኔም እናውቀዋለን። መንገዱ ጋ ስንደርስ መሪጌታ ቆሙ። የቆሙት ትንፋሽ ለመውሰድ ይሁን ለሌላ አላውቅም። ልሂድ አላሉኝም። ሂዱ አላልኳቸውም። ሁለታችንም ጉሙን አየን፣ ከዚያ መራመድ ቀጠልን።

ትንሽ እንደሄድን ተናገሩ።

«ሞላ፣ እዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«መሪጌታ፣ እኔ…»

«አይ፣ ዓይንህ ሸጋ ነው ልልህ ነው። አለቃው እንኳ ዓይኑ መለወጡን ሳያውቁ ሁለት ጊዜ አይተውታል። ቀደም ብዬ ባውቅህ ኖሮ ሥዕል አስተምርህ ነበር።»

የተቆጣ ሰው ቢሰድበኝ እችለው ነበር።

«ለምን አንድ ዓይን አደረጉት?» አልኳቸው። «እንደ ድሮው ቢያደርጉት ማንም አያውቅም ነበር።»

«ልጆቻችሁ የቱ የእኛ እንደሆነ እንዲያውቁ ነዋ። ማታለል የፈለግሁት ካድሬዎቹን ነው እንጂ እናንተን አይደለም።»

መኪናው ጋ ስንደርስ ሹፌሩ በሩን ከፈተ። መሪጌታ ከመግባታቸው በፊት ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ያንኛውን አዳራሽ ወለል ላይ ጥለውታል። አስነሣው። እንዳይረግጡት። እሱም ሥዕል ነው።» መኪናው ወደ ጎንደር ዞረ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ያያቸው ሰውም የለም።

የተኮረጀውን ሥዕል አስነሣሁ። አለቃው ተቀብለውኝ ዕቃ ቤት ቆለፉበት፤ አላናገሩኝም። አዳራሹ ግድግዳ በኖራ ተለቀለቀ፣ ፈረንጆቹን ሌላ ሰው እንደገና ሣላቸው። እሱም ባንድ ዓይን። ምን ያድርግ፣ ወረቀቱ ያው ነው።

ጥቅምት ላይ ጠመንጃውን መለስኩና በሶ ይዤ ጎንደር ወረድኩ። እሥር ቤቱ በር ላይ የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል። ሰው ይጋፋል፣ ያነባል፣ ገሚሱ እያለቀሰ ይመለሳል። እኔ ወረቀቱን አያለሁ፣ ወረቀቱ አያየኝም። አንድ ኮት የለበሰ ሰው ለመንኩ። «ዘውዱ የሚል አለ?» ከላይ እስከ ታች አየና «የለም» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሌላ ሰው ለመንኩ። በሳምንቱ ሌላ። እውነታቸውን ይሁን፣ ለመገላገል ይሁን፣ ገጹን ሳይጨርሱት ይሁን፣ በምን አውቃለሁ? ያ ሸጋ ነው የተባለው ዓይኔ አንዲት ፊደል አይለይም። ሦስት ወር ተመላለስኩ። ካልተማርኩ አልሞትም ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ጊዜ ወሰደብኝ፤ መሠረተ ትምህርት የገባሁት ቆይቶ ነው፣ ሕፃናት እየሳቁብኝ። ማንበብ በቻልኩ ጊዜ ግን በሩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አልነበረም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አዲሱ የደብሩ አለቃ ባዶው ግድግዳ ይብቃው ብለው የተኮረጀውን ሥዕል ከዕቃ ቤት አወጡ። ሲላጥ ያየ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሲለጠፍም ተጠራሁ። ሙጫውን አፈላሁ። ጨርቁን ንጹሕ ሰሌን ላይ በፊቱ ደፉት፤ ጀርባውን ሙጫ ልቀባ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። በታች ጥግ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ትናንሽ ፊደል አየሁ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

«ይህን የሣለ ኃጥእ ዘውዱ። መብራት የያዘለት ወልደ ጊዮርጊስ። ሁለቱን አትርሳ።»

«ቀባ እንጂ!» አሉኝ አለቃው። «ሙጫው ይደርቃል፤ ምን ትጠብቃለህ?»

ቀባሁ። በእሳቸው ስም ላይ ቀባሁ፣ በእኔ ስም ላይ ቀባሁ። አንስተን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ለማንም አልተናገርኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ታሪኩ ምን አስተማረህ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ማንበብ አስተማረኝ፤ ሌላ የማውቀው ትምህርት የለም። ጥሩ ሰው አላደረገኝም። ሠላሳ ዓመት ጎንደር ውስጥ የሰው ሱቅ ዘበኛ ሆኜ ኖርኩ። ዘበኛ ያያል እንጂ አያወራም፣ ይስማማኛል ብዬ ነው። ሚስቴ ክፉ ነገር ሳይ አፌን እንደምይዝ፣ ደግ ነገር ሳይም እንደምይዝ ታውቃለች። ያ እውነተኛው ሥዕል የት እንደገባ አላውቅም። አንዱ አዲስ አበባ ነው ይለኛል፣ አንዱ ባሕር ማዶ የአንድ ሀብታም ሳሎን ውስጥ ነው ይለኛል። የማን ሳሎንም ይሁን፣ እዚያ ቆሞ ዓይኑን የሚያሽ በሽተኛ የለም። ለእኛ ደብርም ጧፍ ይዞ የሚመጣ ከቀረ ቆየ።

የኮሚቴው ሰዎች በሰሌዳው ላይ የጻፉት ውሸት ደብሯን የሚጠግን መስሏቸዋል። ይጠግን ይሆናል። ግን መሪጌታ ያን አንድ ዓይን የሣሉት እኛ እንዳንታለል ነው፤ ሲወሰዱም እጃቸው ታስሮ የነገሩኝ ይህንን ነው። ስለዚህ ወደ ደብራችን የምትመጡ ሁሉ ሰሌዳውን ተዉትና ወታደሩን እዩት። አንድ ዓይን ነው ያለው። የእኛው ሁለት ነበረው። ያላመነ ሰው ካለ ውኃ ያሙቅልኝ፤ ከታች ጠርዝ ጀምሬ፣ ሳልቸኩል፣ ቀለሙን ሳልነካ ልልጠው እችላለሁ። ጀርባውን ያነባል።

እኔ ግን ደጋግሞ የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። በንግሡ ዕለት ከሥዕሉ ፊት ቆሜ ነበር። መሪጌታ እኔን ቢሥሉኝ በስንት ዓይን ይሥሉኝ ነበር እላለሁ። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ መልስ ይመስል ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ለት አልቅሼበታለሁ። በኋላ ቀኖቹን ቆጠርኳቸው። ስሜን የጠየቁኝ ማክሰኞ ነው። አፌን የከፈትኩት ሐሙስ ነው።